ሞገድንና ብርሃንን በእጅ በሚሠራ ሙከራ ማስተማር፦ ከምን ይጀመር? ምን ይለካ?

ጥያቄው፦ «የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 50 ያህል ተማሪዎች አሉኝ፤ ቤተ ሙከራ የለንም። ሞገድና ብርሃን ላይ ስደርስ ገመድ አወዛውዤ፣ ፕሪዝም ይዤ ገብቼ አሳያቸዋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል። ፈተና ላይ ግን ‹ሞገድ ውሃውን ይዞት ይሄዳል›፣ ‹ገመዱ በኃይል ሲወዛወዝ ሞገዱ ይፈጥናል› ብለው ይጽፋሉ። ምን ምን ሙከራ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ዕቃ ባሠራቸው ይሻላል?»

ምላሽ፦

ተማሪዎቹ ሰንፈው አይደለም፤ ያዩት ሙከራ ቀድሞ የሚያምኑትን ነገር ስላልተጋፋባቸው ነው። ገመድ ሲወዛወዝ የሚያይ ልጅ አንድ ነገር ከዚህ ጫፍ ተነሥቶ እዚያ ጫፍ ሲደርስ ያያል። «ገመዱ ሄደ» ብሎ ቢያስብ የሚከለክለው ነገር የለም። ስለዚህ ምን ዕቃ ላምጣ ከማለትዎ በፊት ሁለት ነገር ይወስኑ። አንደኛ፣ ከሙከራው በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የሚሆነውን ገምቶ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ በእርሳስ ከሆነ ኋላ ተደልዞ ይስተካከላል። ሁለተኛ፣ ከሙከራው በኋላ ቢያንስ አንድ የተለካ ቁጥር ደብተሩ ላይ ይቅር። ጊዜ ካጠረዎ ከዚህ በታች ካሉት ሙከራዎች ግማሹን ይተዉ፤ ግምቱንና ልኬቱን ግን አይተዉ።

ቅደም ተከተሉ ሞላ፣ ውሃ፣ ድምፅ፣ ከዚያ ብርሃን ቢሆን እመርጣለሁ። ሞላ ላይ እያንዳንዷ ቀለበት ስትንቀሳቀስ በዓይን ትታያለች። ውሃ ላይ ሞገዱ በሁሉም አቅጣጫ ሲሰራጭ ይታያል። ድምፅ አይታይም፤ የሞገድ ርዝመቱ ግን በክንድ የሚለካ ነው። የብርሃን የሞገድ ርዝመት ከሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ እንኳ ያንሳል። ተማሪው እዚያ ሲደርስ የደማቅና የጨለማ መስመሮችን ትርጉም በሚታየው ነገር ላይ አስቀድሞ ካላወቀ፣ የብርሃን ሙከራ ማጌጫ ብቻ ይሆንበታል።

ሞላ

ስሊንኪ የሚባለውን ረጅምና ለስላሳ የብረት ሞላ ለስድስት ተማሪ አንድ ያድርሱ። የፕላስቲኩም ይሠራል፤ ሞገዱ ግን ቶሎ ይሞትበታል። ለስላሳ ወለል ላይ ሁለት ተማሪዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው በ4 ሜትር ርቀት ይቀመጡ። መሃል አካባቢ ካሉት ቀለበቶች በአንዱ ላይ ቀይ ክር ይሰሩ። የመጀመሪያው ጥያቄ፦ «ሞገዱ ሲያልፍ ክሩ ወዴት ይሄዳል?» ብዙዎቹ «ወደዚያኛው ልጅ» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ አንዱ እጁን ወደ ጎን አንዴ ብቻ ወርወር አድርጎ ይመልስ። ክሩ ወደ ጎን ወጥቶ እዚያው የነበረበት ቦታ ይመለሳል። ቀጥሎ ሞላውን ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉት፤ አሁን ክሩ በሞገዱ መንገድ ላይ ትንሽ ወደ ፊት ሄዶ ይመለሳል። ትራንስቨርስ (የመጀመሪያው፣ ወደ ጎን የሚወዛወዘው) እና ሎንጊቱዲናል (ሁለተኛው፣ በመንገዱ ላይ የሚወዛወዘው) የሚሉትን ቃላት እዚህ ላይ ይስጧቸው። ቃሉ ከታየው ነገር በኋላ ሲመጣ ይያዛል።

ሁለተኛው ጥያቄ የፈተናው ስሕተት ራሱ ነው፦ «ትልቁ ሞገድ ይፈጥናል ወይስ ትንሹ?» አንዴ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አንዴ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን እያወጡ ይላኩና ጊዜውን ይያዙ። ሞገዱ 4 ሜትሩን የሚጨርሰው በግማሽ ሰከንድ አካባቢ ነው። ስቶፕዎች የሚጫነው ጣት ብቻውን እስከ 0.2 ሰከንድ ስለሚያሳስት አንድ ጉዞ መለካት ዋጋ የለውም፤ ሦስት ደርሶ መልስ ቆጥረው ይካፈሉ። ውጤቱ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ይመጣል።

ቀጥሎ ብዙ መምህራን የሚወድቁበት ወጥመድ አለ። «ሞላውን ብንወጥረው ሞገዱ ይፈጥናል» ተብሎ 4 ሜትር የነበረው ወደ 6 ሜትር ይለጠጣል፤ ጊዜው ሲለካ ግን ያው ይሆናል፣ ተማሪውም «ፍጥነቱ አልተለወጠም» ብሎ ይጽፋል። በእንዲህ ዓይነቱ ሞላ የመወጠሩ ኃይል ከርዝመቱ ጋር ያድጋል፤ የእያንዳንዱ ሜትር ክብደት ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደመሩ ፍጥነቱ ከርዝመቱ ጋር እኩል ያድጋል፣ የጉዞው ጊዜ ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ሰዓቱን ብቻ አያወዳድሩ፤ ርቀቱን ለጊዜው አካፍለው ፍጥነቱን እንዲያወጡ ያድርጉ። 4 ሜትር በ0.5 ሰከንድ 8 ሜትር በሰከንድ ነው፤ 6 ሜትር በ0.5 ሰከንድ ደግሞ 12። ይህ ልዩነት ጊዜንና ፍጥነትን የሚያምታታውን ተማሪ ወዲያው ያሳይዎታል።

ድግግሞሽ (በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ) እና የሞገድ ርዝመት የሚያያዙት የቆመ ሞገድ፣ ማለትም የሚጓዝ ሳይመስል ባለበት የሚወዛወዝ ሞገድ፣ ሲሠራ ነው። አንዱ ጫፉን አጥብቆ ይያዝ፣ ሌላው ሞላው አንድ ሆድ (መሃሉ ሰፍቶ የሚወዛወዝ ቅስት) እስኪሠራ ድረስ በዝግታ ወደ ጎን ያወዛውዝ። 20 ሙሉ ውዝዋዜ የፈጀውን ጊዜ ይያዙ። ከዚያ ሁለት ሆድ፣ ከዚያ ሦስት። በ4 ሜትር ላይ አንድ ሆድ ማለት የሞገዱ ርዝመት 8 ሜትር ነው፣ ሁለት ሆድ 4 ሜትር፣ ሦስት ሆድ 2.67 ሜትር። 20ው ውዝዋዜ በአንድ ሆድ 20 ሰከንድ ቢፈጅ ድግግሞሹ 1 ሄርዝ ነው፤ በሁለት ሆድ ወደ 10 ሰከንድ፣ በሦስት ወደ 6.7 ሰከንድ ይወርዳል። ድግግሞሽን በሞገድ ርዝመት ሲያባዙ ሦስቱም ጊዜ 8 ገደማ ይመጣል፤ ይህም ቀድመው በስቶፕዎች ካገኙት ፍጥነት ጋር ይገጥማል። ቀመሩን ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ከዚህ በኋላ ነው። እዚህ የሚበዛው ስሕተት አንድን ሆድ እንደ ሙሉ ሞገድ መቁጠር ነው፤ ያኔ የሚያገኙት ፍጥነት ልክ ግማሽ ይሆናል። ሌላው፣ ተለጥጦ የተለቀቀ ሞላ ፊት ይመታል፣ ከዚያም ተተብትቦ አይፈታም። ሁለቱ ልጆች ወደ መሃል እየተጠጉ እንዲሰበስቡት ከመጀመሪያው ይንገሯቸው።

ሞላ ከሌለዎ ሰፋ ያለ ፕላስተርና ስንጥር ይበቃል። ፕላስተሩን 3 ሜትር ያህል የሚያጣብቀው ፊቱን ወደ ላይ አድርገው በሁለት ወንበሮች መካከል ይወጥሩ። ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ስንጥሮችን በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በትክክል መሃላቸው ላይ ያስቀምጡ፣ በላያቸው ሁለተኛ ፕላስተር ይደርቡ፣ ጫፎቻቸው ላይ እኩል የጭቃ ወይም የፕላስቲሲን እንክብል ይለጥፉ። አንዱን ስንጥር ጫን ሲያደርጉት ሞገዱ በዓይን ለመከተል በሚመች ዝግታ ይጓዛል። ስንጥሩ መሃሉን ከሳተ ወደ አንድ ጎን ይወድቃልና በዚህ አይቸኩሉ። ከዚያ የግማሹን ክፍል እንክብሎች ይንቀሉ፤ ሞገዱ ቀላሉ ክፍል ውስጥ ሲገባ ይፈጥናል፣ ድንበሩ ላይም ከፊሉ ተመልሶ ይመጣል። የብርሃን ስብረት (ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲገባ አቅጣጫ መቀየሩ) ላይ ሲደርሱ የሚያስታውሱት ይህንን ነው።

ውሃ

ለውሃ ሞገድ በመጀመሪያ የሚመከረው ዕቃ ሪፕል ታንክ ነው፤ ሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የሞገዱ ጥላ ከሥሩ ወረቀት ላይ የሚታይበት ዝቅተኛ የውሃ ገንዳ ማለት ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የማሠራው ቀለል ያለውን የትሪ ሙከራ ነው፤ ዕቃው ከየትም ይገኛል፣ ቁጥሩም ያማረ ነው። ውስጡ 60 ሴንቲ ሜትር በ30 የሆነ፣ ግድግዳው ከፍ ያለ ትሪ ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። 1.8 ሊትር ውሃ ሲጨምሩ 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኖረዋል። አንዱን ጫፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አንሥተው ይልቀቁት። ሞገዱ ከጫፍ ጫፍ አራት ጉዞ (ሁለት ደርሶ መልስ) ሲያደርግ 7.7 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አሁን «ውሃውን አራት እጥፍ ብናደርገውስ?» ብለው ያስገምቷቸው። ገሚሱ «ውሃው ስለሚከብድ ይዘገያል» ይላል፣ ገሚሱ «አራት እጥፍ ይፈጥናል» ይላል። 7.2 ሊትር ገብቶ ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አራቱ ጉዞ 3.8 ሰከንድ አካባቢ ይወስዳል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የሞገድ ፍጥነት ከጥልቀቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ ነው። ትሪው በጣም ከተነሣ ውሃው እየተሰበረ ይንቦጫረቃል፣ ቆጠራውም ይጠፋል። ጠረጴዛው ካዘነበለ ደግሞ ጥልቀቱ በሁለቱ ጫፍ ይለያያልና ከመጀመርዎ በፊት በማስመሪያ ይለኩት።

ሪፕል ታንኩን ከሠሩት ውሃው ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የስልክ መብራት ከላይ ግማሽ ሜትር ላይ፣ ነጭ ወረቀት ከሥር። ዳር ዳሩን እርጥብ ስፖንጅ ካልደረደሩ ከግድግዳው የሚመለሰው ሞገድ ሥዕሉን ያበላሸዋል። ስብረትን ለማሳየት ጠፍጣፋ መስታወት አስጥመው በላዩ ያለውን ውሃ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ያድርጉት። «አይሠራም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በመስታወቱ ላይ የቀረው ውሃ ስለሚበዛ ነው።

ድምፅ

ከአንድ መሣሪያ በሽቦ የተገናኙ ሁለት ስፒከሮች 1 ሜትር ተራርቀው ይቀመጡና 680 ሄርዝ የሆነ ወጥ ድምፅ ያሰሙ። የድምፅ ፍጥነት በአየር 340 ሜትር በሰከንድ ያህል ስለሆነ የሞገዱ ርዝመት 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ተማሪዎቹ 3 ሜትር ርቀው፣ አንድ ጆሯቸውን ደፍነው፣ ከመሃል ወደ ጎን በዝግታ ይራመዱ። ከመሃሉ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲርቁ ድምፁ ይሰልላል። እዚያ የቆመው ልጅ ከጆሮው እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ያለውን ርቀት በሜትር ይለካ፤ ልዩነቱ 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ የሞገዱ ግማሽ ማለት ነው። ሁለት ድምፅ ተደምሮ ዝምታ መስጠቱን ጆሯቸው ከመሰከረ በኋላ ኢንተርፌረንስን (ሞገዶች ሲደራረቡ መጠናከራቸውን ወይም መጠፋፋታቸውን) ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግዎትም።

ይህ ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር ምክንያቱ ሁለት ነው። ክፍል ውስጥ ከሆነ የግድግዳው ማስተጋባት ጸጥ የሚለውን ቦታ ይሸፍነዋል፤ ሜዳ ላይ ያድርጉት። በሁለት ስልክ ወይም በሁለት ገመድ አልባ ስፒከር ከተሠራ ደግሞ ሁለቱ ድምፆች እኩል አይነሡም፣ ጸጥ ያለው ቦታም ይንሸራተታል።

ብርሃን

ሌዘር ከማውጣትዎ በፊት በሁለት ቀላል ነገሮች ይጀምሩ። ካርቶን ሳጥን በአንድ ፊቱ በመርፌ ይበሱ፣ ከቀዳዳው 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ስስ ወረቀት ይወጥሩ፤ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ወደ መስኮት ሲያዞሩት ምስሉ ተገልብጦ ይታያል። «ሁለተኛ ቀዳዳ ብንጨምርስ?» ሲባሉ «ይደምቃል» የሚሉ ይበዛሉ፤ የሚመጣው ግን ሁለት ምስል ነው። ከዚያ በአጉሊ መነጽር የመስኮቱን ምስል ወረቀት ላይ ያሳርፉና «የሌንሱን ላይኛ ግማሽ በካርቶን ብንሸፍነውስ?» ብለው ይጠይቁ። የምስሉ ግማሽ ይጠፋል የሚለው እምነት እጅግ ሥር የሰደደ ነው። ምስሉ ሙሉውን ይቀራል፣ ብርሃኑ ብቻ ይቀንሳል፤ ከእያንዳንዱ ነጥብ የሚወጣው ብርሃን መላውን ሌንስ ስለሚያለብስ ነው። ሁለት ጨረር ብቻ እየሣልን ስናስተምር ልጆች እነዚያ ጨረሮች ብቻ ያሉ ይመስላቸዋል።

ስብረትን በስፒል ማስለካት ከሌዘር ይሻላል፤ ሁሉም ይሠራዋል፣ አደጋም የለውም። ግድግዳው ቀጥ ያለና የሚያሳይ፣ ስፋቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር የማያንስ አራት ማዕዘን ዕቃ ውሃ ሞልተው በወረቀትና በካርቶን ላይ ያስቀምጡ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩ። በአንድ በኩል ሁለት ስፒል ይትከሉ፤ በሌላው በኩል በውሃው ውስጥ አሳልፈው እያዩ፣ አራቱም በአንድ መስመር እስኪመስሉ ሁለት ተጨማሪ ይትከሉ። ዕቃውን አንሥተው መግቢያውንና መውጫውን ያገናኙ። የወጣው መስመር ከገባው ጋር ትይዩ ካልሆነ ልኬቱ ስሕተት አለበት፤ ተማሪው ራሱን የሚያርምበት ጥሩ መለኪያ ነው። ማዕዘኑ የሚለካው ከግድግዳው ሳይሆን ግድግዳው ላይ ከተሠራው ቀጤ ነክ መስመር ነው፤ ከተሳሳቱት ልኬቶች አብዛኞቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለውሃ 30 ዲግሪ ገብቶ 22፣ 45 ገብቶ 32፣ 60 ገብቶ 41 ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያ ማዕዘኖቹን እንዲሁ ያካፍሉ፤ 1.36፣ 1.41፣ 1.46 እያለ ይሸሻል። ከዚያ ሳይናቸውን ያካፍሉ፤ ሁሉም 1.33 አካባቢ ይሰበሰባል። የሳይኑ ሕግ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

አሁን ሌዘር። ኃይሉ ከ1 ሚሊ ዋት የማይበልጥ ቀይ ይምረጡ፤ ርካሽ አረንጓዴ ሌዘሮች ብዙ ጊዜ ከተጻፈባቸው በላይ ኃይል ይሰጣሉ፣ የማይታይ ኢንፍራሬድም ሊያፈስሱ ይችላሉ። ሌዘሩ ጠረጴዛ ላይ በፕላስተር ይታሰር እንጂ በልጅ እጅ አይያዝ፤ ጨረሩ ከተቀመጠ ተማሪ ዓይን በታች ይሁን፤ መድረሻውም ላይ ሁልጊዜ የማያብለጨልጭ ነገር ይቁም።

ካርቶን መሃሉ ላይ ይበሱና የሌዘሩ ጨረር በቀዳዳው አልፎ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ የቆመ ሲዲ ላይ ይረፍ፤ የሲዲው የሚያብረቀርቅ ፊት ወደ ካርቶኑ ይዙር። ሲዲው ላይ ያሉት መስመሮች ክብ ስለሆኑ ጨረሩ ከመሃሉ በስተግራ ወይም በስተቀኝ ያርፍ፤ እዚያ መስመሮቹ ወደ ላይ የቆሙ ናቸው፣ ነጥቦቹም ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ሲዲውን እያስተካከሉ መካከለኛው ነጥብ ራሱ ቀዳዳው ላይ እንዲመለስ ያድርጉ። 650 ናኖ ሜትር በሆነ ቀይ ሌዘር ግራና ቀኝ 13.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነጥቦች ይታያሉ። የሁለቱን ርቀት ለክተው ለሁለት ያካፍሉ፣ ከ30 ሴንቲ ሜትሩ ጋር በታንጀንት ማዕዘኑን ያግኙ፤ 24 ዲግሪ ይሆናል። የሲዲ መስመሮች የሚራራቁት 1.6 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ይህን በማዕዘኑ ሳይን ሲያባዙ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 0.65 ማይክሮ ሜትር ይመጣል። በማስመሪያ የብርሃንን ሞገድ ለኩ ማለት ነው! 13.3ን ለ30 ብቻ አካፍሎ በ1.6 ያባዛ ተማሪ 709 ናኖ ሜትር ያገኛል። ማዕዘኑ ትልቅ ስለሆነ ያ አቋራጭ እዚህ አይሠራም፤ ስሕተቱን ራሳቸው እንዲያገኙት ጊዜ ይስጧቸው። ዲቪዲ ለዚህ ልኬት አይመችም፤ መስመሮቹ 0.74 ማይክሮ ሜትር ብቻ ስለሚራራቁ ነጥቡ 61 ዲግሪ ርቆ ከካርቶኑ ይወጣል።

የቀረው ፀጉር ነው። አንድ ፀጉር በሌዘሩ አፍ ላይ ቀጥ አድርገው ይለጥፉና 2 ሜትር ርቆ ባለ ወረቀት ላይ፣ ክፍሉን አጨልመው፣ የሚታየውን ይመልከቱ። ጥላ መኖር በነበረበት ቦታ በደማቁ መሃል ግራና ቀኝ ጨለማ መስመሮች ይሰለፋሉ። ፀጉሩ 70 ማይክሮ ሜትር ከሆነ መስመሮቹ በየ1.9 ሴንቲ ሜትሩ ይመጣሉ። ከግራው ሦስተኛ ጨለማ እስከ ቀኙ ሦስተኛ ጨለማ ለክተው ለ6 ያካፍሉ፤ ከዚያ የሞገዱን ርዝመት በ2 ሜትሩ አባዝተው ለዚህ ቢያካፍሉት የፀጉሩ ውፍረት ይወጣል። ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ሜትር ያለ ውጤት ጤነኛ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1803 ብርሃን ሞገድ መሆኑን ለማሳየት ያቀረበው ሙከራም በቀጭን የፀሐይ ጨረር መካከል ቀጭን ካርድ ማስገባት ነበር። መስመሮቹ ካልታዩ ጨረሩ ፀጉሩን ስቶታል፣ ወይም ወረቀቱ ቀርቧል።

በ50 ተማሪ ሁሉንም በአንዴ ማሠራት አይቻልም። ሞላውን፣ ትሪውን፣ ስፒሉንና የመርፌ ቀዳዳውን ሳጥን በክፍሉ አራት ጥጎች ያስቀምጡና ቡድኖቹ በየክፍለ ጊዜው ይቀያየሩ፤ ድምፁ ለሁሉም በአንድነት ሜዳ ላይ፣ ሌዘሩ በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለት ሁለት ቡድን እየተጠራ። በየቡድኑ አንዱ ሰዓት ይያዝ፣ አንዱ ርቀት ይለካ፣ አንዱ ይመዝግብ፤ ቦታ በቀየሩ ቁጥር ሥራውም ይቀያየር፤ አለዚያ ጎበዙ ልጅ ይሠራል፣ ሌላው ያያል። ለፈተናም «ሞገድ ምንድን ነው» ከማለት ይልቅ እንዲህ ይጠይቁ፦ «ሞላው ላይ የታሰረ ክር ከጫፉ 2 ሜትር ላይ ነው፤ የሞገዱ ፍጥነት 8 ሜትር በሰከንድ ነው። አንድ ሞገድ ከተላከ ከ0.25 ሰከንድ በኋላና ከ1 ደቂቃ በኋላ ክሩ የት አለ? ሣሉ።»